በፍላሽ አንደኛ ማን ነው? ቺፕ አምራቾች በየገበያው ስለሚያደርጉት ፉክክር

እንደምን አመሻችሁ። ሰዓታችን አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በየመሃሉ እያነሳሁ አላሰለቻችሁም።

የቺፕ ገበያ የሚከታተል ሰው ሁሌም የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ። በፍላሽ አንደኛ ማን ነው? ብዙዎቻችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ሳምሰንግ ነው። ከ2002 ጀምሮ በናንድ ፍላሽ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒውተር ፋይሎቻችንን በሚያስቀምጡበት ቺፕ፣ ሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ጥያቄውን ትንሽ ዘወር ብታደርጉት ግን መልሱ ይቀየራል። ኮምፒውተራችሁ ሲበራ የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሚያነበው ኖር ከምትባል ከሌላ ዓይነት ትንሽ የፍላሽ ቺፕ ነው። እሷን ማን ይሠራታል? እዚያ ሰፈር ሳምሰንግን አታገኙትም። የታይዋኖቹን ዊንቦንድና ማክሮኒክስን፣ የቤጂንጉን ጊጋዲቫይስ ታገኛላችሁ። ለዳታ ሴንተር የሚሆን፣ 61 ቴራባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ (ከናንድ ቺፖች የሚሠራ የመረጃ ማከማቻ) በ2023 አውጥቶ ትልልቆቹን የቀደመው ደግሞ ሶሊዳይም ነው። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ።

የማምንበትን ከአሁኑ ልናገር። «የፍላሽ ገበያ» ብለን በአንድ ቁጥር የምንጠራው ነገር ብዙ ገበያዎች ተጨፍልቀው ነው። ስልክ ሠሪው፣ መኪና ሠሪው፣ የዳታ ሴንተሩ ባለቤትና ከመደብር ሚሞሪ ካርድ የሚገዛው ሰው የሚፈልጉት ነገር አይገናኝም። ኪሳቸውም ትዕግሥታቸውም ይለያያል። ኩባንያዎቹ ሲነሱና ሲወድቁ የማየው በአብዛኛው የትኛውን ደንበኛ ይዘው በየትኛው ሰዓት እንደቆሙ ነው። ቴክኖሎጂው ሁለተኛ ነው። በዚህ የማይስማሙ መሐንዲሶች እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ፤ በኋላ እንከራከራለን።

ለማያውቁት ቴክኒኩን በአጭሩ ላስረዳ። ፍላሽ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዘውን የማይረሳ ቺፕ ነው። በጥቃቅን ሴሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ያጠምዳል። ሴሉ ውስጥ ምን ያህል እንደተጠመደ በመለካት መረጃው ይነበባል። ሁለት ዓይነት አለው፤ ኖርና ናንድ። ሁለቱንም የፈጠሩት በጃፓኑ ቶሺባ ይሠሩ የነበሩት ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። ኖርን በ1984፣ ናንድን በ1987 ለሙያ አጋሮቻቸው አቀረቡ። በኖር ፕሮሰሰሩ የፈለገውን ቦታ በቀጥታ ይደርስበታል። ሶፍትዌሩን ወደ ሌላ ሚሞሪ ሳይገለብጥ እዚያው ላይ ማስኬድ ይችላል። ናንድ ውስጥ ሴሎቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘዋል፤ የሚነበበው በገጽ፣ የሚጠፋው በትልቅ ብሎክ ነው። ይህ ለፕሮሰሰሩ አይመችም። ነገር ግን ቦታ ይቆጥባል፣ ቦታ መቆጠብ ደግሞ ርካሽነት ነው።

ቶሺባ በእጁ የገባውን ወርቅ ቶሎ አላወቀውም። ኖርን በ1988 ገበያ ላይ ያወጣው ኢንቴል ነው። የናንድ ፈቃድ ደግሞ በ1992 ለሳምሰንግ ተሰጠ። ይህ ዛሬ ሞኝነት ይመስላል። ያኔ ግን አሳማኝ ምክንያት ነበረው። ትልልቅ ደንበኞች አዲስ ቺፕ ከአንድ ሻጭ ብቻ መግዛት አይወዱም። የዚያ ሻጭ ፋብሪካ ቢቃጠል ወይም ዋጋ ቢሰቅልባቸው መውጫ የላቸውም። ገበያው እንዲከፈት ሁለተኛ ሻጭ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሻጭ ግን አሥር ዓመት ሳይሞላ አስተማሪውን በለጠ። ማሱኦካ ቶሺባን ከስሰው በ2006 በስምምነት ያገኙት 87 ሚሊዮን የን ነው። ዛሬ ከዘርፉ ከሚገኘው ገቢ ጋር ስታነጻጽሩት ያሳዝናል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ የኖር ጦርነት። የዛሬውን የናንድ ግርግር ለመረዳት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ።

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሞባይል ስልክ ዓለምን አጥለቀለቀ። የስልኩ ሶፍትዌር የሚቀመጠው ኖር ላይ ነበር። ፕሮሰሰሩም በቀጥታ ከእሱ እያነበበ ይሠራ ነበር። በአንድ በኩል ኢንቴል፣ በሌላ በኩል ኤኤምዲና ፉጂትሱ በጋራ ሆነው ጥርስ ተናከሱ። በ2003 መጀመሪያ ላይ ኢንቴል የኖር ዋጋ ጨመረ። ገበያው በእጄ ነው ብሎ ይሆናል። ስልክ አምራቾቹ ግን አኮረፉ፤ ብዙዎቹም ወደ ተፎካካሪዎቹ ዞሩ። በሚቀጥለው ዓመት ኢንቴል የኮበለለውን ደንበኛ ለመመለስ ዋጋ አወረደ። እነ ኤኤምዲም ያገኙትን ላለማጣት አወረዱ። የኖር ንግድ የሁሉንም ኪስ የሚያራቁት ሆነ።

እነሱ በዚህ ተጠምደው ሳሉ የስልክ ዲዛይነሮች ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር። ስልክ ፎቶ ማንሳት ጀምሯል፤ ሙዚቃ ይጫወታል። ለዚያ ሁሉ ማስቀመጫ ኖር አይቀመስም። ስለዚህ ናንድ ይግባ ተባለ። ናንድ ከገባ ዘንድ ሶፍትዌሩንስ ለምን እዚያው አናስቀምጠውም? ስልኩ ሲበራ ወደ ራም፣ ማለትም ወደ ጊዜያዊው የሥራ ሚሞሪ፣ ይገለበጣል፣ ከራም ላይ ይሠራል። ትንሽ ይዘገያል፣ ቢሆንም ሂሳቡ ያዋጣል። በዚህ መንገድ ኖር ከስልክ እየተገፋ ወጣ። ኢንቴልና ኤኤምዲ የተፋለሙለት ሜዳ ከሥራቸው ተነቀለ፤ የነቀለው ደግሞ ከሁለቱ አንዳቸውም አይደሉም።

የሆነውን ተመልከቱ። ኤኤምዲና ፉጂትሱ የፍላሽ ንግዳቸውን ስፓንሽን ብለው ለይተውት ነበር። በመጋቢት 2009 ስፓንሽን አሜሪካ ውስጥ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ኢንቴል ከኤስቲማይክሮኤሌክትሮኒክስ ጋር የኖር ሥራውን አዋህዶ በ2008 ኑሞኒክስን መሠረተ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ2010 የአሜሪካው ማይክሮን 1.27 ቢሊዮን ዶላር በሚያወጣ አክሲዮን ጠቀለለው። ስፓንሽን ግን አልሞተም። ከኪሳራ ሲወጣ ፊቱን ወደ መኪናና ወደ ኢንዱስትሪ መሣሪያዎች አዞረ። በ2015 ሳይፕረስ ከሚባለው የአሜሪካ ቺፕ አምራች ጋር ተዋሃደ። ሳይፕረስን ደግሞ በ2020 የጀርመኑ ኢንፊኒየን ገዛው። ዛሬ በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ያለው የኢንፊኒየን ኖር የዚያ የከሰረ ኩባንያ ልጅ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ትልልቆቹ «ኖር አልቆለታል» ብለው ሲሸሹ የቀሩት ትናንሾቹ ናቸው። በጥቂት እግር ብቻ የምትገናኝ፣ ርካሽና ትንሽ ኖር ይሠሩ ነበር። ማንም አይቀናባቸውም ነበር። በ2016 እና በ2017 አካባቢ ማይክሮንና ሳይፕረስ ከአነስተኛ መጠን ኖር እየቀነሱ ወጡ። ልክ በዚያ ሰዓት ሽቦ አልባ ጆሮ ማዳመጫው መጣ። እያንዳንዱ ጆሮ ላይ የሚገባው ቁራጭ ሶፍትዌሩን የሚያስቀምጥበት ቺፕ ይፈልጋል። የኦሌድ ስክሪንም መጣ። እያንዳንዱ ስክሪን ፒክስሎቹ እኩል እንዲበሩ የሚያደርገውን የማስተካከያ መረጃ የሚይዝ ኖር ያስፈልገዋል። ፈላጊው በዛ፣ ሻጩ ቀነሰ፣ ዋጋው ተሰቀለ። ዊንቦንድ፣ ማክሮኒክስና ጊጋዲቫይስ ትልልቆቹ ጥለውት በሄዱት ማዕድ ላይ ተቀመጡ።

ሌላም የረዳቸው ነገር አለ። ኖር ማሳነስ ይከብዳል። ከ45 ናኖሜትር አካባቢ ወዲያ ብዙም አልተሄደበትም። ስለዚህ በጣም ዘመናዊ ማሽን የሌለው ፋብሪካም ይወዳደራል። በሌላ በኩል ፕሮሰሰሮች ከ28 ናኖሜትር በታች ሲወርዱ ፍላሽን ውስጣቸው መክተት አስቸጋሪም ውድም ሆነባቸው። ስለዚህ ከጎናቸው የተለየ ኖር ይለጠፍላቸዋል። ፕሮሰሰሩ በዘመነ ቁጥር አሮጌው ቺፕ ይፈለጋል ማለት ነው። የኖር ገበያ በአጠቃላይ ጥቂት ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ከናንድ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም በጥቂት ቢሊዮን ዶላር ውስጥ በሰላም የሚኖር ኩባንያ አለ። በብዙ አሥር ቢሊዮን ዶላር ውስጥ እንቅልፍ የሚያጣም አለ።

እንቅልፍ የሚያጡት የናንድ ሰዎች ናቸው። ለምን?

የናንድ ፋብሪካ ለመገንባት ብዙ ቢሊዮን ዶላር ይፈልጋል። ከተገነባ በኋላ ቀንና ሌሊት መሥራት አለበት። ትልቁ ወጪ አስቀድሞ ወጥቷል። ማሽኑ ቢቆምም እርጅናው ይቆጠራል። ስለዚህ ዋጋ ሲወርድ አምራቹ ማምረቱን ከማቆም በኪሳራ መሸጥን ይመርጣል። ሁሉም እንዲሁ ያደርጋሉ። ዋጋው የበለጠ ይወርዳል። አንድ ሰው ቀድሞ እስኪቀንስ ሁሉም ሌላውን ያያል። ቀድሞ የቀነሰ ለሌላው ድርሻ መተዉ ነውና ማንም መጀመሪያ መሆን አይፈልግም።

በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ ላፕቶፕ ገዛ፤ አምራቾቹም ምርት ጨመሩ። በ2022 መጨረሻ ገዢው ጠፋ፣ መጋዘኑ ሞላ። በ2023 የኮሪያው ኤስኬ ሃይኒክስ 7.7 ትሪሊዮን ዎን የሥራ ኪሳራ አስመዘገበ። የሳምሰንግ የቺፕ ክፍል ወደ 15 ትሪሊዮን ዎን የሚጠጋ ከሰረ። ይህ ናንዱን ብቻ ሳይሆን ድራሙንም፣ ማለትም የራም ቺፑንም፣ ይጨምራል። ሳምሰንግ ለወራት አልቀንስም ብሎ ቆይቶ ሚያዝያ 2023 ላይ ምርት እንደሚቀንስ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋው ቀስ እያለ ማገገም የጀመረው።

በተቃራኒው ደግሞ ድንገት የሚጎድልበት ጊዜ አለ። ሰኔ 2019 ላይ በጃፓን ዮካይቺ፣ ቶሺባ ሚሞሪና ዌስተርን ዲጂታል በሚጋሩት ፋብሪካ፣ ለ13 ደቂቃ መብራት ጠፋ። 13 ደቂቃ ብቻ! ዌስተርን ዲጂታል በራሱ በኩል ብቻ 6 ኤክሳባይት ገደማ ምርት እንደሚቀርበት ተናገረ። አንድ ኤክሳባይት አንድ ሚሊዮን ቴራባይት ነው። አንድ ዋፈር፣ ማለትም ቺፖች የሚቆረጡበት ክብ የሲሊኮን ሰሌዳ፣ ተሠርቶ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። በመንገድ ላይ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተበላሸ። ሌሎቹ አምራቾች አዘንን ይላሉ እንጂ በልባቸው ደስ አይላቸውም አልልም።

ከእነዚህ ፋብሪካዎች የሚወጣው ናንድ እንዴት እንደሚከፋፈል እንይ። ከአንድ ዋፈር የሚቆረጡት ቺፖች ጥራታቸው እኩል አይደለም። ይፈተሻሉ፣ ይደረደራሉ። ምርጡ ለዳታ ሴንተርና ለስልክ ይሄዳል። ከዚያ የሚቀጥለው ለላፕቶፕ ኤስኤስዲ። የተረፈው ሚሞሪ ካርድና በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ ይሆናል። በአንድ ሴል ስንት ቢት፣ ማለትም ስንት 0 ወይም 1፣ እንደሚከተትም ምርጫ ነው። አንድ ቢት ብቻ ከያዘ ሴሉ ሁለት ደረጃ ብቻ ይለያል፤ ጠንካራና ውድ ነው። ሦስት ቢት ሲሆን ስምንት ደረጃ፣ አራት ቢት ሲሆን አሥራ ስድስት ደረጃ መለየት አለበት። ርካሽ ይሆናል፤ ግን ይዘገያል፣ ቶሎም ያረጃል። ያው አምራች ለአንዱ ደንበኛ ጥንካሬ፣ ለሌላው ርካሽነት ይሸጣል።

ስልክ ላይ ገዢው ጥቂትና ግዙፍ ነው። ኅዳር 2005 ላይ አፕል ከሃይኒክስ (ከዛሬው ኤስኬ ሃይኒክስ)፣ ከኢንቴል፣ ከማይክሮን፣ ከሳምሰንግና ከቶሺባ ጋር የረጅም ጊዜ ውል ፈረመ። በድምሩ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ቅድሚያ ለመክፈልም ተስማማ። ለአይፖድ ናኖ ነው ይህ ሁሉ። አምስቱን በአንድ ጊዜ መያዙን አስተውሉ። አንዱ ዋጋ ቢያንገራግር አራት ሌሎች አሉ። አቅርቦቱን ቀድሞ ስለያዘም ሌላ ሙዚቃ ማጫወቻ ሠሪ ናንድ ለማግኘት የሚሰለፈው ከእሱ ኋላ ነው። በዚህ ገበያ ደንበኛው ራሱ የጨዋታው ዳኛ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

መኪና ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የካቲት 2021 ላይ ቴስላ አሜሪካ ውስጥ 135 ሺህ የሚጠጉ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና እንዲጠራ ተደረገ። ችግሩ 8 ጊጋባይት የምትይዝ የናንድ ቺፕ ናት። የመኪናው ኮምፒውተር ያለማቋረጥ መዝገብ ይጽፍባታል። ናንድ የሚጻፍበትና የሚጠፋበት ቁጥር የተወሰነ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቺፗ አለቀች፤ መሃል ያለው ትልቁ ስክሪን ጠፋ። ከስክሪኑ ጋር የኋላ ካሜራውና የመስታወት ጉም ማጥፊያው መቆጣጠሪያም ሄደ። የደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጣልቃ የገባው ለዚህ ነው።

ለስልክ ይህ ምንም አይደለም። ስልክ በሦስት ዓመት ይቀየራል። መኪና ግን አሥራ አምስት ዓመት ይነዳል፤ በበረዶም በሐሩርም ይቆማል። ከዚያ በኋላ የመኪና አምራቾች ስለ ናንድ ዕድሜ የሚጠይቁት ጥያቄ ከበደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለመኪና የሚሸጥ ቺፕ በልዩ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይፈተናል። ሻጩ ለብዙ ዓመት ያንኑ ቺፕ ማምረቱን እንደማያቆም ቃል ይገባል። ይህ ለናንድ ግዙፎች ጣጣ ነው። እነሱ በየሁለት ዓመቱ አዲስ ትውልድ ማውጣት ይወዳሉ። ኖር ሠሪዎቹ ግን ቀስ ብሎ መኖር ለምደዋል። በመኪና ገበያ ላይ የሚመቻቸውም ለዚህ ነው።

ተራ ሸማች የሚያየው ገበያ በአንጻሩ በጣም ያሳስታል። መደብር ውስጥ ሃያ ስም ታያላችሁ። ከጀርባቸው ናንድ የሚሠሩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ ከነሶሊዳይም፣ ኪዮክሲያ (የቀድሞው የቶሺባ ሚሞሪ ንግድ) እና ሳንዲስክ፣ ማይክሮን፣ የቻይናው ዋይኤምቲሲ። ኪንግስተን እንኳ፣ ስሙ ያን ያህል የገነነው፣ ናንድ አያመርትም። ቺፕ ይገዛል፣ ኮንትሮለር ይገዛል፣ ያገጣጥማል። ኮንትሮለር የናንዱን ስህተት የሚያርመውና ሥራውን የሚያከፋፍለው ቺፕ ነው። እንደ ፊሰንና ሲሊኮን ሞሽን ያሉት የታይዋን ኩባንያዎች በዚያ ላይ ኑሯቸውን መሥርተዋል። ናንድ ሲረክስ እነሱን የሚይዙ ትናንሽ ብራንዶች እንደ እንጉዳይ ይፈላሉ። ሲወደድ ይጠፋሉ።

ስለ ንብርብር ፉክክር ብዙ ሰምታችኋል። ሳምሰንግ በ2013 ሴሎችን ወደ ላይ መደርደር ሲጀምር 24 ንብርብር ነበር። በ2024 መጨረሻ ኤስኬ ሃይኒክስ 321 ደረሰ። ቁጥሩ ለማስታወቂያ ይመቻል። ኪዮክሲያ ግን በ218 ንብርብር ጥሩ ይወዳደራል። ገዢው የሚከፍለው ለቢት ነውና በዚህ ላይ ጊዜ አላባክንም።

ስለ ባለቤትነቱ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እውነት ለመናገር ከድራማ አይተናነስም። ሳምሰንግ በ2008 ሳንዲስክን በ5.85 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ ብሎ ጠየቀ። ሳንዲስክ ዋጋው አነሰኝ አለ። የገንዘብ ቀውሱ መጣ፣ ሳምሰንግ ሐሳቡን ተወ። በ2016 ዌስተርን ዲጂታል ሳንዲስክን በ16 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ሃርድ ዲስክ ሠሪው ሊመጣበት ያለውን ጎርፍ አይቶ ነው። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ መልሶ ለየው። ሳንዲስክ ዛሬ እንደገና ራሱን የቻለ ኩባንያ ነው።

የሳንዲስክ የረጅም ዘመን ሸሪክ ቶሺባ ነበር። ቶሺባ በአሜሪካ የኒውክሌር ሥራው፣ ማለትም በዌስቲንግሃውስ፣ ከባድ ኪሳራ ደረሰበት። ቀዳዳውን ለመድፈን ያለውን ምርጥ ንብረት ሸጠ። በ2018 የሚሞሪ ንግዱን ቤይን ካፒታል የተባለው የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት ለሚመራው ቡድን በ2 ትሪሊዮን የን አስረከበ። በ2019 ስሙ ኪዮክሲያ ተባለ። ገንዘብ ካዋጡት መካከል አፕል፣ ዴልና ኪንግስተን አሉበት። ኤስኬ ሃይኒክስም አለበት! የቀጥታ ተፎካካሪ ማለት ነው። ዌስተርን ዲጂታልና ኪዮክሲያ በ2023 ሊዋሃዱ ሲነጋገሩ ኤስኬ ሃይኒክስ አልስማማም አለ። ንግግሩም ፈረሰ። ከሁለቱ ጥምር አንድ ግዙፍ ተቀናቃኝ ከሚወለድበት ሁለት መካከለኛ ጎረቤት ቢኖሩት ይሻለው ነበር።

ኤስኬ ሃይኒክስ ራሱ በሌላ በር እየገዛ ነበር። በ2020 የኢንቴልን የናንድ ንግድ በ9 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ክፍያው በሁለት ዙር ተደርጎ በ2025 ተጠናቀቀ። ሶሊዳይም የተወለደው ከዚህ ነው። በ2023 ዋጋ ሲወድቅ ብዙ ተንታኞች «ውድ ገዛ» ብለው ተቹት። ቀጥሎ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተሮች መጡ። የሚፈልጉት በትንሽ ቦታ ብዙ የሚይዝ፣ ኤሌክትሪክ የማይበላ ኤስኤስዲ ነው። በአራት ቢት ሴል ላይ አስቀድሞ የደከመው ሶሊዳይም ነበርና የተወቀሰው ግዢ ብልህነት መሰለ። እኔ በግሌ ግማሹ ዕድል ነው እላለሁ።

ቻይናን ሳላነሳ ባልፍ ይጎድላል። ዋይኤምቲሲ በ2016 ዉሃን ውስጥ ተመሠረተ። ሴሎቹን በአንድ ዋፈር፣ የሚቆጣጠራቸውን ሰርኪት በሌላ ዋፈር ሠርቶ ሁለቱን የሚያጣብቅበትን ዘዴ ወደ ገበያ አመጣ። በ2022 ከ200 ንብርብር በላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አሜሪካ 128 ንብርብርና ከዚያ በላይ ለሚሠሩ የቻይና ፋብሪካዎች መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለች። ታኅሣሥ ላይ ኩባንያውን በጥቁር መዝገቧ አሰፈረችው። ቻይናም ግንቦት 2023 ላይ የማይክሮን ምርት ወሳኝ በሆኑ መሠረተ ልማቶች ውስጥ እንዳይገባ አገደች። ገበያው በደንበኛ ዓይነት መከፋፈሉ ሳያንስ አሁን በድንበርም ተከፈለ። ነገሩን የሚያስገርመው፣ በ2025 ሳምሰንግ ለማጣበቂያው ዘዴ የዋይኤምቲሲን ፓተንት እንዲጠቀም ፈቃድ መግዛቱን የኮሪያ መገናኛ ብዙኃን ዘገቡ። በዚህኛው ፈቃድ ገዢው ሳምሰንግ፣ ሻጩ ደግሞ ያኔ አሥር ዓመት እንኳ ያልሞላው ኩባንያ ሆነ።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። በታኅሣሥ 2025 ማይክሮን ክሩሻል በሚለው ስም ለተራ ሸማች የሚሸጠውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታወቀ። ክሩሻል ወደ ሠላሳ ዓመት የቆየ ብራንድ ነው፤ ከስሮም አይደለም። ምርት ውስን ነው፣ የዳታ ሴንተር ደንበኛ የበለጠ ይከፍላል፣ ይኸው ነው። ተራው ገዢ ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ በማይክሮን ቦታ ብትሆኑ ግን ምን ታደርጉ ነበር? እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የኖር ትልልቆች ዝቅተኛውን ገበያ ሲጥሉ የሚያነሱት ትናንሾች ነበሩ። አሁን የሸማቹን ገበያ ማን ያነሳዋል? ዋይኤምቲሲ በአገሩ ውስጥ ለሸማች ኤስኤስዲ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። ከዚያ በላይ መገመት አልፈልግም።

ከአድማጮች ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ልጨምር። «ታዲያ እኔ ኤስኤስዲ ስገዛ ምን ልይ?» የሚል ነበር። መልሴ እነሆ። ስሙን ብቻ አትዩ። በ2021 ከአንድ በላይ ታዋቂ ብራንድ የሞዴሉን ስም ሳይለውጥ ውስጡን ቀይሮ ተይዟል። ሦስት ቢት የነበረው አራት ቢት የሆነበት አለ፤ ኮንትሮለሩ የተቀየረበትም አለ። ስለዚህ የቆየ ግምገማ አንብባችሁ አዲስ ዕቃ አትግዙ። አምራቹ ስንት ቴራባይት ቢጻፍበት ዋስትና እንደሚሰጥ በመግለጫው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከንብርብር ቁጥር ይልቅ እሱን አወዳድሩ። ከቻላችሁም ናንዱን ራሱ ከሚያመርት ኩባንያ ግዙ። እሱም ውስጡን ሊቀይር ይችላል፤ ቢያንስ ግን ቺፑ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ።